የሃንጋሩ በር ቀለም

ማክሰኞ ማክሰኞ ምሳ ከተበላ፣
እዚህ ሊንከንሸር፣ ከቤተስኪያን ኋላ፣
«ጥቁሩ ዝይ» ከሚሏት ከመጠጥ ቤቷ ውስጥ፣
እንሰየማለን የድሮ ወሬያችንን ልናላምጥ።
ዊልፍ ጭነት ጫኝ ነበር፣ ኔቪል መንገድ መሪ፣
እኔ የሞተር ሰው፣ የዘይት ቆጣሪ፣
ጌሬንት አብራሪ።
በጌሬንት ወንበር ላይ ኮታችንን ጥለን፣
አዲሷ አስተናጋጅ «ባዶ ነው?» ካለችን፣
«ተይዟል» እንላለን።

ጠቡ ሲጀመርም ሁልጊዜ እንዲህ ነው፦
«የሦስተኛው ሃንጋር በሩ ግራጫ ነው!»
ይላል ዊልፍ።
«አረንጓዴ!»
«ግራጫ!»
«ዓይንህ ፈዞ ነዋ!»
«ያንተ ነው የፈዘዘው! ያኔም ሐኪሙን ሸውደህ፣
የዓይን መመርመሪያውን ፊደል በቃልህ አጥንተህ!»

ዎርንቢን ላላያት፦
ጠፍጣፋ እንደ ትሪ፣ ነፋስ የማይጠፋት፣
ሰሜን ባሕር ሲያስነጥስ እሷን የሚያንቀጠቅጣት፤
ለሃያ ሁለት አልጋ አንድ የከሰል እሳት፣
በካርታ ጨዋታ ያሸነፈ ብቻ ተጠግቶ የሚሞቃት።
ሳጅን ኦልድሮይድ ደግሞ፣ ጢሙ በክር የተለካ፣
ጫማችን ላይ መልኩን ካላየ የማይረካ።
(«አንድ ቀን አየና ራሱ ደነገጠ» ብሎ
ዊልፍ በሹክሹክታ፣
ሽንት ቤት ሲፈገፍግ ከረመ ከጠዋት እስከ ማታ።)
እንቁላሉ ሲመጣ መሬት እንጥለዋለን፤
ነጥሮ ይመለሳል።
«ለጌሬንት ስጡት፣ ጎማ ይሆነዋል!»

ጌሬንት ሲያሳርፍ ሦስት ጊዜ ነው የሚነጥር።
«አንዱ ለሥልጠናው፣ አንዱ ለአስተማሪ፣
ሦስተኛው በነፃ፣ ለናንተ ለተሳፋሪ!»
ይለን ነበር ዞሮ፣ ጥርሱን እየሳቀ፣
እኔ ከኋላው ሆኜ መለኪያው ሲርገፈገፍ ልቤ እየወለቀ።

የኔቪልስ ሌሊት?
ኮከብ ሲለካ አድሮ፣ መስመሩን ሲያበዛ፣
«ስኮትላንድ ደረስን» አለ፤
ማማው ግን «እንኳን ደህና መጣችሁ» አለን፣ በዴንማርክ ለዛ።
«ነፋስ ነው የገፋን!»
«እውነት ነው» አለ ዊልፍ፣
«ያንተ አፍ ነፋስማ ባሕርም ያሳልፍ!»

ባለፈው ማክሰኞ ዊልፍ ጠረጴዛውን መታ፦
«ክርክሩ ይብቃ! በሩን እንየው በቦታው፣ ዛሬ፣ ሳይመሽ ማታ!»
አሥራ አራት ማይል ነው።
ኔቪል ካርታ ያዘ።
አንድ ሰዓት ተኩል ከድንች ጫኝ መኪና ጭራ ተጉዘን፣
አንዱን መካነ መቃብር ሁለት ጊዜ አልፈን፣
«ነፋስ ነው» አልኩ እኔ።

ዎርንቢ የለችም።
ማኮብኮቢያው ተሰንጥቆ ሣር በቅሎበት፣
ግራ ቀኙ ድንች፣ ማማው የእርግብ ቤት።
በሩን ጠየቅነው ገበሬውን።
ሳቀ፤ ጓሮ ወሰደን።
የአሳማ ቤት ጣራ ሆኗል፤
ዝገት ውጦት ከዳር እስከ ዳር ቀይ።
«አየህ?» አለ ዊልፍ።
«አየህ?» አለ ኔቪል።

ልንመለስ ስንል አንዲት ትንሽ መኪና፣
የገበሬው ልጅ ናት፣ መንዳት ለማጅ ገና፣
ከማኮብኮቢያው ጫፍ ተንደርድራ መጣች፣
ፍሬኑን ረገጠች፣
ዘለለች፣
ዘለለች፣
ደግማ ዘለለችና ፊታችን ቆመች።

«ጌሬንት!»
አልን ሦስታችን፣ ሳንማከር፣ ባንድ አፍ።
ከዚያ ማንም ማንንም አላየ፤
ቆመን ሰማን ነፋሱ ድንቹን እያሻሸ ሲያልፍ።
ልጅቷ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ «ደህና ናችሁ?» አለች።
ዊልፍ ኮፍያውን አነሳላት፣
«ጥሩ ማረፍ ነው» አላት፣
«ሦስተኛዋን ብቻ ትንሽ አለስልሻት።»

ስንመለስ ዘነበ።
ኔቪል ካርታውን ገልብጦ ይዞታል፤
አየሁት፣ ዝም አልኩ።
የማናውቀው መስቀለኛ መንገድ ላይ፣ ከኋላ ወንበር፣
የተኛ የመሰለን ዊልፍ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ፣
«ግራጫ ነበር።»