የዝቮንኮ ጭነት

ሠላሳ አንድ ዓመት በሪዬካ ወደብ፣
ሣጥን በሣጥን ላይ በክሬኑ ሲክብ፣
ዝቮንኮ አንዲት ጋት ክፍተትን አይተውም፤
ባዶ ቦታ ማለት ኪሳራ ነው ሁሌም።

አሁን ጡረታ ነው። ቡራ 'ሚሉት ነፋስ
ከመስኮቱ ግድም ሲያንኳኳ፣ ሲመለስ፣
የጎረቤቱ ልጅ ሎቮርካ መጣችና
በአሮጌው ላፕቶፕ ፕሮግራም ጫነችና፦
«ኖታው ይቅር በቃ፤ ሣጥን ጎትት ብቻ፤
ቀዩ ቀጭን ድምፅ ነው፣ ጎርናናው ይህ ቢጫ።»

ሳቀ ሽማግሌው፤ ይህን ያውቅበታል!
ቀዩን ከቢጫው ላይ ደርድሮ ይጭናል።
ቁልፉን ሲነካው ግን ዜማ የለም፤ ጩኸት፦
የመርከብ ጥሩምባ በጭጋጉ ሌሊት።

ልጅቷ አንዷን ሣጥን ከመሀል አጠፋች፤
«እዚህ ጋ ይተንፍስ» አለችና ሮጠች።

ደግሞ ነካው ቁልፉን። ባዶዋ ጋ ሲደርስ
ዜማው ቆም አለና ትንፋሹን ሲመልስ፣
በነጠላ ጫማ ተረከዙ መታ፤
ሾርባው ቢገነፍል አልሰማም ለአፍታ።

ፋይሉን «ምን ልበለው?» ሲለው ኮምፒውተሩ፣
እንደ ጭነት ሰነድ ጻፈ በአጭሩ፦

«አንድ ሣጥን ጎድሏል። ተረክቤያለሁ።»