የተረፈ አየር

ከቀትር በኋላ ነፋስ ከቦርከና ሲመጣ፣
ልጄ ራህመት ክንፍ ይዛ ከጎሚስታ ቤቴ ስትወጣ፣
የሲኖትራክ ጎማ ጥዬ፣ እጄን በጨርቅ ጠርጌ ቆምኩ።

ክንፉ የዘይት ቆርቆሮ ነው፤ ርዝመቱ ክንድ ከስንዝር፤
ጀርባው ላይ በማስቲሽ የተለጠፈ ቁርጥራጭ ክር፣
ከጨርቃ ጨርቁ በር የለቀመችው።
ከሽንኩርት ሻጯ ከእትዬ ጦይባ
የመንጠቆ ሚዛን ተውሳ ሰቀለችው።

«አባ፣ የኋላ ጠርዙን ዝቅ ሳደርገው ክንፉ ይነሣል፤
ከልክ በላይ ካጎበጥኩት ግን አየሩ ጥሎት ይሸሻል።
ክሩን እየው።»
ክሩ እንደ ተቆጣ ድመት ፀጉር ቆመ፤
ቀሎ የነበረው ቆርቆሮ መልሶ ክብደት ተሸከመ።

«አሁን ኮምፕሬሰሩን!» ቱቦውን ከፈትኩላት።
ከመታጠፊያው በላይ በመጋዝ ካወጣችው
ጥፍር ከማታስገባ ስንጥቅ፣ አየሩ እያፏጨ ወጣ።
ክሩ ሁሉ ተኛ።
ከጎበጠው ጀርባ ጋር ተጣብቆ ቁልቁል ታጠፈ፤
መርፌው ከሦስት መቶ ግራም ወርዶ መቶ ሃያን አለፈ።

ሃያ ሁለት ዓመት አየር የሸጥኩ ሰው ነኝ።
አየር ላስቲክ ውስጥ ታስሮ ሲሸከም ነው የማውቀው፤
ተለቆ፣ በጀርባ ላይ ሮጦ
ሲያነሣ ገና ዛሬ ነው የማየው።

ያኔ መብራት ጠፋ።
ሞተሩ ዝም አለ። በርሜሉ ውስጥ የተረፈው ግን ይነፍስ ነበር፤
ክሩም አንድ በአንድ ይነሣ ነበር፣ ከዳር።
ከተራራው ሥር አውሮፕላን ወደ ሜዳው ዝቅ አለ፣
የክንፉ ጠርዝ ጎብጦ።
«ያም ይነፋል?» አልኳት።
«አይነፋም፣ አባ። እሱ ረጅም ሜዳ አለው፤
ትንፋሽ የሚያስፈልገው ሜዳው ላጠረበት ነው።»

ልመልስላት አፌን ስከፍት
የሲኖትራኩ ሾፌር ጥሩንባውን ነፋ።