የአጥር ማዶ ውል

እኔ እጄን ሸጬ ነው የኖርኩት ስምንት ዓመት፤
መጨበጥ ነው ሥራዬ፣ ገብቶ መቀመጥ፣ ሰው ማጫወት።
ደብረ ብርሃን፣ ከጠባሴ እስከ ኬላ፣ ሱቅ ለሱቅ ስዞር፣
በአንድ እጄ ቦርሳ፣ በአንዱ "እንዴት ሰነበቱ" ይዤ ስኖር፣
የጨበጥኩት መዳፍ ብዛቱ፦
ሱፍ ያለሰለሰው፣ ገብስ ያሻከረው፣ የሹፌሩ ደግሞ ከነቅባቱ።
"መድን ምንድን ነው?" ሲሉኝ፣ መዳፋቸውን ሳልለቅ
ነበር የማስረዳው፣ ቀስ ብዬ፣ ሳልጣደፍ፣ ሳልሳቀቅ።

በመጋቢት መጣ።
ሬዲዮው "እጅ አትነካኩ" አለ፤ ከተማው ከመዳፉ ወጣ።

በየደጃፉ ሮቶ ቆመ፣ ሳሙና በገመድ ታሰረ፣
ባለሱቁ ሁሉ በራፉን በሲባጎ አጠረ።
ባጃጁ ከሦስት ወንበር ለአንድ ሰው ብቻ ፈቀደ፤
ኮቱን እስከ አገጩ የቆለፈ ሁሉ፣ ሲያየኝ መንገድ ቀይሮ ሄደ።
ጭምብሉ ፊቴን በልቶት፣ ብርዱ ዓይኔን ሲያስለቅሰው፣
ዕዳ ሊጠይቅ የመጣ ሳልመስል አልቀረሁም ለሰው።

"መኪናዬ ቆማ፣ ጎማዋ ረግቦ፣
ማንን ትገጫለች ብዬ ነው የምከፍል?" አለኝ ሸዋንግዛው፣ ጋቢውን አፉ ላይ ደርቦ።
እውነቱን ነው። ቅርንጫፍ ሄድኩ፣ ሥራ አስኪያጁን ለመንኩ፤
"አንድ ወር ጠብቁት፣ ክፍያውን ከፋፍሉለት" አልኩ።
(ለእኔስ ማን ከፋፈለልኝ? የኮሚሽኔ ቀን አለፈ፤
የቤት ኪራዩ ግን እንደ ደህና ቀን በር ላይ ተሰለፈ።)

ማታ የዕድራችንን ጸሐፊ፣ ጋሽ ተክለየስን፣ ደጅ አየኋቸው፤
ድንኳኑ ታጥፎ፣ ለቅሶው ቀርቶ፣ መዝገቡ ብቻ በእጃቸው።
ስም እየጠሩ ይደውላሉ፦ "አለህ? እህሉስ? ሳሉስ ተሻለህ?"
"ምን እየሠሩ ነው?" ብላቸው፣ "ዕድር ነዋ! ድንኳን ብቻ መሰለህ?"

ያን ሌሊት መዝገቤን አወጣሁ፤ ስምንት ዓመት፣ ሦስት መቶ ስም፤
ከነዚህ ውስጥ ድምፁን የማውቀው ሃምሳ አይሞላም፣ አርባም።

በማግስቱ መደወል ጀመርኩ። ለመሸጥ አይደለም፤
"ሰላም ነህ?" ለማለት። መጀመሪያ ማንም አላመነኝም።
"ስንት ነው?" ይላሉ፤ "ደግሞ ምን አመጣህ?"
"ምንም፤ ደህና ነህ ወይ ብዬ ነው።" ዝም። ከዚያ፦ "አይ... እግዜር ይስጥህ።"

የእህቴ ልጅ ቴሌግራም አስተማረችኝ፣ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤
"አጎቴ፣ ጣትህን አትጫነው፣ ነካ ብቻ አድርገው።"
ማንበብ ለማይችል ውሉን በድምፄ ቀድቼ ላክሁ፤
ስልክ ለሌለው፣ ሰኞና ሐሙስ አጥሩ ሥር ቆሜ ጠበቅሁ።

ከዚያ ሸዋንግዛው። መንገድ ሲከፈት፣ የመጀመሪያው ጭነት፣
ጣርማበር ላይ፣ ጉሙ መስታወቱን ልሶ፣ አይሱዙው ከድንጋይ ተላተመበት።
ከእኛ ዘንድ የሚሄድ የለም። "ፎቶ አንሳ" አልኩት፣ "ከአራት ማዕዘን፤
ታርጋውን፣ ጎማውን፣ ድንጋዩንም። ቆይ፤ መጀመሪያ ግን ራስህን።"
ስድስት ፎቶ ላከ። በስድስቱም ጣቱ ጥግ ላይ አለች።
በአሥራ ሰባተኛው ቀን ካሳው ባንክ ገባ፤ ወሬዋ ከእኔ ቀድማ ገበያ ደረሰች።

እማማ ጥሩአየሁ ናቸው የከበዱኝ። የብርድ ልብስ ነጋዴ፤
ከአጥራቸው ማዶ፣ ብሩን በፌስታል ጠቅልለው፦ "በል እንካ፣ አንዴ
ይቺን በሽታ ጻፍልኝ። ከያዘችኝ፣ ልጆቼ እንዳይቸገሩ።"
ለሁለት ወር ኪራይ ይበቃ ነበር ብሩ።
ደቃቁን ጽሑፍ ግን አንብቤዋለሁ፤ ገጽ ዘጠኝ፣ ከታች፣
"ወረርሽኝን አይጨምርም" ትላለች።
"እማማ፣ ይሄ ውል ይቺን በሽታ አይዛትም" አልኳቸው።
ነፋስ ነበር። ፌስታሉ ብቻ ተንኮሻኮሸ በእጃቸው።
"ታዲያ ለምን ቆምክ?" አሉኝ። "ለሱቅዎ እሳት፣ ለሌባ የሚሆን አለኝ፤
ለዚህች ግን የለኝም።" አዩኝ። ገቡ። በሩ ሲዘጋ ተሰማኝ።

በሳምንቱ ልጃቸው ደወለ፦ "ለሱቁ፣ ለእሳቱ፣ ውሉን ያምጣ ብለዋል፤
እስክሪብቶህን ግን እንዳታቀብላቸው፣ የራሳቸውን ገዝተዋል።"

ወረቀቱን በአጥሩ ቀዳዳ፣ በዱላ ጫፍ አሳለፍኩ፤
ፈረሙ። እጄ ሳላውቀው ተዘረጋች፤ መልሼ ኪሴ ከተትኩ።
እሳቸውም አይተዋል። መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አኑረው፣
"ቆይ፣ ይቺ ዕዳ ናት" አሉ፤ "ቀኑን መዝገብህ ላይ አስፍረው።"