የሰሙ ፈተና

አዘዞ መንገድ ዳር፣ ካለው ጋራዤ በር፣
ጎትተው አመጧት፣ ሌሊት ነበር።
ቀይ ነበረች ድሮ፤ አሁን መልኳ ጠፍቶ፣
ቀለሟ ተልጦ፣ ጎማዋ ቀልጦ ሸቶ፣
የበሯ እጀታ ላይ ተጣብቆ የቀረ
የእጅ ጓንት ቁራጭ ነበረ።

ሊማሊሞን ወጥታ፣ ከደባርቅ ማዶ፣
ጓሳው ሲንቀለቀል፣ ተራራው ተማግዶ፣
ንፋሱ ፊቱን አዙሮ
መጣባቸው አሉ፣ እንደ ፈረስ ሰግሮ።

አምስት ሰው ነበሩ።
አራቱ ተረፉ።
አምስተኛው እንየው ውሃ ሊከፍት ወርዶ
(ቫልቩ ከውጭ ነው፣ ከኋላ፣ ከታንከሩ ግርጌ)
እጁ ቫልቩ ላይ እንዳለ አገኙት።

ሁለት ሺህ ሊትር ውሃ ከኋላው አስከትሎ፣
ሰው እንዴት ይሞታል በእሳት ተቃጥሎ?

«እሳት ካየው ምን ለየው» ይላል ያገሬ ሰው፤
እኔ ግን ፈለግሁ ልለየው፣
ጋቢናን ከሬሳ ሣጥን ልለየው።

ወረቀት ዘረጋሁ። እርሳሴን ቀረጽሁ።
ሾፌሩ አዛናው፣ እጁ በፋሻ እንዳለ፣
«መጀመሪያ ምን ሄደ?» ብለው፣ «መስታወቱ» አለ።
«ከዚያስ?» «የፍሬን ቱቦው፤ ጎማ ነው፣ ቀለጠ።»
«ከዚያስ?» ዝም አለና ወደ በሩ አፈጠጠ።

እናም ቫልቩን ነቅዬ አስገባሁት ጋቢና፣
ማንም ሳይወርድ እንዲከፈት፣ ከመሪው ጎን ሆነና።
በጣሪያዋ ዙሪያ የተበሳ ቧንቧ አዞርሁላት፣
እሳት ሲከባት የራሷ ክረምት እንዲኖራት።
ለመስኮቷ የሚያብረቀርቅ መጋረጃ። ለቱቦዋ የብረት ሹራብ።
በታንከሩ ሆድ ውስጥ ግድግዳ፣
ውሃው በሊማሊሞ ጥምዝ ላይ ተናውጦ ገደል እንዳይከታት።
ላሜራዋን ደርቤ፣ መሐሉን ጠቀጠቅሁት በድንጋይ ጥጥ፤
ይህን የተማርሁት ከፋሲል ግንብ ነው፣
በቀትር ገብቼ ከወፍራሙ ግድግዳ ሥር ስቀመጥ።

ደግሞ አንድ መስመር፣ በቀይ፣ ከታንከሩ ወገብ በታች፦
የመጨረሻው ሁለት መቶ ሊትር ለጓሳው አይደለም፤
ለእናቶቻቸው ነው።

ከከተማው ጽሕፈት ቤት የመጣው ሰውዬ ሂሳቡን ገልጦ ገልጦ፣
«ይሄ ሁሉ ብር» አለ፣ መነጽሩን አውልጦ፣
«እሳት ለማጥፊያ ነው?»
«አይደለም» አልሁት። «ለመመለሻ ነው።»

በዓመቱ፣ ጥር ላይ፣ ከአዘዞ ሜዳ ላይ፣
ገለባ ከመርንባት፣ በሯ እስከማይታይ።
ከሾፌሩ ወንበር አንድ ቀጭን ጧፍ አቆምሁ፣
ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የገዛሁት፣
እሱን ሳልለኩስ
ገለባውን ለኮስሁት።

መሪጌታ ሰጠኝ አጠገቤ ቆሞ፣
«ሰሙ ካልቀለጠ ወርቁ መች ይገኛል?» አለኝ፣ ሊያበሽቀኝ ደግሞ።
እኔ ግን በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ
ሰሙ እንዳይቀልጥ ጸለይሁ፣ በትካዜ።

አራት ደቂቃ።
ዝናቧ ወረደ። ጭሱ አለፈ።
አዛናው ጓንቱን አወለቀ፤
እጀታውን በዚያ በተጨማደደ መዳፉ፣ በባዶው፣ ያዘ።
ለብ ይል ነበር ብቻ።

ጧፉ ቆሟል።
ጫፉ፣ ትንሽ፣ ወደ መሪው ዘንበል ብሏል፣
እጅ እንደሚነሳ ሰው።

ሰው አጨበጨበ። መሪጌታ ጧፉን ሊወስድ እጁን ሰደደ፣
ለእንየው ሙት ዓመት ሊያበራው።
«ቆይ» አልሁት፤ ማስመሪያዬን አወጣሁ፣
ያቺን የጎበጠች ጫፍ ለካሁ።
ሁለት ጣት።

ገና ሁለት ጣት ይቀረኛል።