ቅጽ አንድ

ከአብዶሽ ተከራየሁት፣ ከዚራ፣ ከዛፉ ሥር፣
ለአንድ ሌሊት አሥር ብር።
ሽፋኑ ተገንጥሎ በፕላስተር ተለጥፏል፤
«ቅጽ አንድ» ብሎ አንድ ሰው በእርሳስ ጽፏል።
«አቦ፣ ተጠንቀቂ» አለኝ እየሳቀ፣
«ይህን የጀመረ ሰው እንቅልፉ አለቀ።»

ሙቀቱ ከቤት አስወጥቶን አልጋችን ግቢ ተዘርግቷል፤
መብራት እንደ ልማዱ በጊዜ ሄዷል።
ባትሪ በጥርሴ ነክሼ
ገጽ አንድን ገለጥሁ፣ ላቤን በሻሼ ጫፍ አብሼ።

«ሁለት ፀሐዮች ወጡ» የመጀመሪያዋ መስመር ናት።
ኧረ ተው፣ ደራሲው! ድሬ ላይ አንዷን መች ቻልናት?
ግን ገጹን ገለበጥሁ።
ከተማው ብረት ነው፤ ወንዙ አሸዋ ይፈሳል፤
ከአሸዋው ላይ መርከብ ወደ ከዋክብት ይነሣል።
(ደቻቱም አሸዋ ነው፣ ውሃው እስኪመጣበት፤
መርከብ ብቻ ነው የሌለበት።)
ሞተር ጠጋኝ ልጅ አለች፣ እጇ በግራሶ የጠቆረ፤
ሞተሩ በስሙ ካልጠሩት ላይነሣ የማለ ነበረ።
መፍቻዋን ታስቀምጥና ጆሮው ሥር ትደግማለች፣
ስድስቴ በሹክሹክታ፣ ሰባተኛውን ትጮኻለች፤
ያኔ መርከቧ ታስነጥሳለች።

ሳላውቀው ድምፄ ወጣ፤
ከጎን ካለው አልጋ የአባባ ሳል መጣ።
ሠላሳ ስድስት ዓመት ምድር ባቡር ጋራዥ ሠራ፤
ልቦለድ ለሱ ውሸት ነው፣ ውሸት ደግሞ ኪሳራ።
«ስንት ጊዜ ትደግማለች?» አለኝ በጨለማ።
«ሰባት።»
«አበዛችው! ሦስት ይበቃል።»
ከዚያ ጸጥታ፤ የባጃጅ ጥሩንባ ብቻ ከሩቅ ሲሰማ።
«የኛ አሮጊት፣ ባለ አሥራ ሁለት ቁጥሯ፣ ጠዋት ስታኮርፍ፣
ሙሴ ኮስታ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ቆሞ ከበሩ ደፍ፣
‹ማርጎ› ይላታል። ሦስቴ። ትነሣለች። በቃ።
ከፈረንሳይ መሐንዲስ መጥቶ ፈታታት፤ አላገኘም የጎደለ ዕቃ።»

ጎህ ሲቀድ ጨረስሁት። ልጅቷ በመርከቧ ጣሪያ፣
ሁለቱም ፀሐይ ሲጠልቅ፣ እጇን ዘርግታ ወደ አንድ ጣቢያ፤
«የቅጽ አንድ ፍጻሜ።»
ገለበጥሁት፤ ባዶ። ገለበጥሁት፣ ደግሜ።

አብዶሽ ሙሸበክ በልቶ ጣቱን እየላሰ፣
«ቅጽ ሁለትስ?» ስለው በሳቅ ሊሞት ደረሰ።
«አንዱ በባቡር ይዞት ሄደ፣ ጅቡቲ ሊጨርሰው፤
ሦስተኛው አለ፤ መሃሉን ሳታውቂ ግን ማን ያስታርቅሻል ከዚያ ሁሉ ሰው?»

ባዶ እጄን ገባሁ። አባባ በካናቴራ፣ ጥላ ሥር፣ አጎንብሶ፣
የሬዲዮኑን ሆድ ዘርግፎታል፣ እንደ በግ አንጀት ቆራርሶ።
«ጣቢያው ደረሰች ወይ ልጅቷ?» አለኝ ቀና ሳይል።
«እንጃ፤ ሁለተኛው ጠፍቷል።»
ብሎን በከንፈሩ ይዞ ትንሽ ቆየ።
«ደርሳለች። ግን የዚያ አገር ሐዲድ በአንድ ስንዝር ጠቦ ታየ።»
«መርከብ ናት እኮ፣ አባባ! ሐዲድ አያውቃትም።»
«ዝም በይና ስሚ» አለኝ፤ «ያን ቀን ማርጎ ሦስቴም ብትጠራ አልሰማችም።»