ቅዳሜ፣ ከዓሣ ተራ ጀርባ

ከዓሣ ተራ ጀርባ፣ ቅዳሜ ማለዳ፣
አንድ ጠረጴዛ አለኝ፣ እግሩ የተጎዳ፤
ለሰባራው እግሩ ድንጋይ ዋስ ሆኖለት
ስድስት ዓመት ቆሟል፣ ሰው ሲያለቅስበት።
ሥራዬ ይኸው ነው፤ ገንዘብ የለበትም፤
በአማርኛ ተጽፎ ለሰው ያልገባውን
ወደ አማርኛ መልሶ መተርጎም።

ስንሻው ቀደመ። ከጣና መመለሱ፣
ቅርፊት ያብረቀርቃል ከእጅጌው፣ ከልብሱ።
«መረብ ጠፋ ተብሎ ጣቢያ ይጠሩኛል፤
ዝም ብል፣ ‹አመነ› ብለው ይጽፉኛል፤
ምን ልበል?»
«አባትህ ምን ይል ነበር?» አልኩት።
«በተዘጋ አፍ» አለ፣ «ዝንብ…»
የቀረሶውን ዝንብ በመዳፉ እያባረረ፣
«…አይገባም።»
«ሕጉም ያንኑ ነው፤ ቁጥር ነው የጨመረ።»

ጌትሰው ባጃጁን ሞተር ሳያጠፋ፣
«ወንድሜ» አለ፣ «ሐሙስ ማታ ከግሽ ዓባይ ጠፋ፤
ለካስ ጣቢያ ኖሯል።
እስከ መቼ ነው የሚያቆዩት?»
«አርባ ስምንት ሰዓት፣ የመንገዱን ትተህ።
ከዚያ ዳኛ ፊት ነው፤ ቁጠረው እስቲ ራስህ።»
ቆጠረ በጣቱ፤
ጣቱ ሲያልቅበት ከስንሻው ተዋሰ፤
«ዛሬ ማታ እኮ ነው!»
ሳያመሰግነኝ በመጣበት አቧራ ተመለሰ።

አንጓች ወረቀት ይዛለች፤ ነጭ፣ አንድ ፊደል የሌለው፤
አከራይዋ ነው፣ «ፈርሚ፣ ኋላ እሞላዋለሁ» ያለው።
«መጻፍ አላውቅም፣ ጋሼ፤ በአውራ ጣቴ ነው የምፈርመው።»
«አውራ ጣትሽ አፍ ነው» አልኳት፤ «በባዶ ወረቀት
አትክፈቺው። ሌላ ሰው ይናገርበታል፣
አንቺ የለሽበት።»

አንዱ ስለ ዋስ ጠየቀኝ፤ ለአክስቱ ልጅ፣ በብድር።
ጎንበስ ብዬ አሳየሁት፣ ከጠረጴዛው እግር ሥር፤
«ጠረጴዛው የሮጠ ለት» አልኩት፣ «የሚጠየቀው
ይኸ ድንጋይ ነው።»
ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ቅዳሜ በደንብ እየሄደ ነበር።

ከዚያ ሰልፉ ተከፈለ።
ጥቁር የለበሰች ሴት፤ አወቅኋት፤ ሰው ሁሉ አወቃት።
እማማ ውዱ።
ልጇን ለገደለው ችሎት ላይ ቆሜለት ነበር፣
በመንግሥት ደመወዝ፣
እጁን ይዤ አይደለም፤ አንቀጹን ይዤ።

«አንተ» አለች፣ «ለሱ ቆምህ።»
«ቆሜያለሁ።»
«እንዴት?»
ለዚህ መልስ ነበረኝ፤ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት፣
ለተማሪ የማስረዳው፣ ለጋዜጠኛ የደገምኩት።
ከአፌ ደርሶ ቀረ።
ሌላ ነገር ወጣኝ፣ ለማንም ያልነገርኩት፦

«ውሳኔው የተነበበ ማታ ዓባይ ድልድይ ሄድኩ።
‹በሕግ አምላክ ሲባል ወራጅ ውኃ ይቆማል›
ይሉ የለ አባቶች?
ማንም እንዳይሰማኝ፣ ዝቅ ብዬ፣ ሁለት ጊዜ
በሕግ አምላክ አልኩት።
አልቆመም፣ እማማ።
እምቦጩን፣ አንድ የሕፃን ሸበጥ፣ የኔንም ቃል ይዞ
ወደ ጢስ ዓባይ ወረደ።
ውኃ እንደማይቆም ያን ለት ነው የገባኝ።
ሰው ነው የሚቆመው፤
ለሚጠላውም ቢሆን።»

ዝም አለች። ዝንብ እንኳ አልዞረም።
ይቅር አላለችኝም፤ ይቅር በይኝ አላልኩም።
ቀረብ ብላ ክንዷን ጠረጴዛው ላይ ስትጥል
ድንጋዩ ተነቃነቀ፤
ግን ያዘ።

«የመጣሁት» አለች፣ «ለሱ አይደለም።
ያን ቀን የለበሰው ሹራብ ፖሊስ ጋ ነው፤ ‹ኤግዚቢት› ይሉታል።
ፍርዱ እንደሆነ አልቋል።
መቼ ነው የሚሰጡኝ፣
ሽታው ሳይለቀው?»

አንቀጽ አለው ይኸም። አልጠቀስኩላትም።
ንጹሕ ወረቀት ሳብኩ። ብዕሬ እምቢ አለ፤
መዳፌ ላይ ሞከርኩት፤ ጻፈ፦

አመልካች፦ ወይዘሮ ውዱ አላምረው፤
አድራሻ፦ ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ፤
ጉዳዩ፦
አንድ ሰማያዊ ሹራብ፣ በእጅ የተሠራ፣
የአንገቱ ቁልፍ የጎደለ።