ነፃ ዝውውር

ወሬው የደረሰን ሐሙስ ማታ ነበር፣
ሱቁን ልንዘጋ ስንል፣ ከጎማው ክምር ሥር።
ሽኩር ስልኩን አይቶ፣ ቆይቶ፣ ዝም አለ፤
ይዞት የነበረው ጎማ ተንከባለለ።
«ሙዘሚል ሄዷል» አለ፤ «ዴራ፣ ለካርጎዎቹ።
ፈርሟል፤ ማሊያም ለብሷል፤ ይኸው ፎቶዎቹ።»

ፎቶ ይዋሻል አልን።
በሰው መኪና ላይ ክንዳችንን ጥለን፣
«አልፎልናል» ብለን
ለናቶቻችን የላክን እኛው ራሳችን ነን።

ሻርጃ ሰነዓያ፣ ከወርክሾፑ ጀርባ፣
ሜዳችን ሳር የለው፤ ብሎን ነው እግራችን የሚገባ።
መስመሩን በኖራ፣ ጎሉን በቧንቧ ብረት
ሠርተን ያቆምነው በስድስት ዓርብ ሌሊት።
እዚያ ነው ሙዘሚል፣ አሥራ አራት ቁጥሩ፣
ኳስ ሲይዝ የሚረሳን የደላላው ብድሩ።
በግራ እግሩ አጥፎ ሁለቱን ሲያታልል፣
ደግፌ ከነመፍቻው አጥር ላይ ሲንጠለጠል፣
ሉባባ፣ በወር ሁለት ዓርብ ብቻ የምትፈታ፣
ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ስትጮህ እስከ ማታ።

ዓርብ መጣ። ያለ እሱ ተሰለፍን።
ሦስት ለባዶ ተሸነፍን።

«ከሃዲ!» አለ አንዱ፤ «ጫማ የገዛንለት!
አሥር አሥር ድርሃም ከእራት ያዋጣንለት!
ጉልበቱ ሲያብጥ በረዶ የያዝንለት!»
ሽኩር ማሊያውን ከሽቦው አወረደ፤
ሊቀደው ታገለ፤ ጨርቁ አልተቀደደ።
ፖሊስተር ነው።
በመጨረሻ ግንባሩን ጠረገበት።

«ስንት ሰጡት?» አለ ደግፌ፣ አንገቱን ደፍቶ።
«ገንዘቡስ ብዙ አይደል። መኝታ። የቪዛ ለውጥ። የሥራ ፈቃዱ ወጥቶ።»
ዳኛው አባተ ፊሽካውን ከአፉ አወጣ፦
«ምን ያንጫጫችኋል? ውሉ አልቋል። ልጁ ነፃ።
ነፃ ተጫዋች ይባላል። ያሻው ይሄዳል። ሕጉ ነው።»

ነፃ።
ቃሉ አሸዋው ላይ ወደቀ እንደ ሳንቲም፤
ጎንበስ ብሎ ሊያነሳው የደፈረ የለም።

የኔ ፓስፖርት ከባለቤቱ መሳቢያ ነው፤
ዘንድሮ አራት ዓመቴ፣ በዓይኔ ካየሁት።
ደግፌ «ልልቀቅ» ቢል ደሞዙን ይዘውበታል፤
ሉባባ በሯ ከውጭ ይቆለፍባታል።
እኛ ነን እንግዲህ፣ ሁላችን እስረኛ፣
አንዱ በሩን ቢያገኝ የሆንበት ዳኛ።

ይኼን ሁሉ አውቃለሁ። ቢሆንም አልዋሽም፤
አልተቆጣሁም ብል አፌ እሺ አይለኝም።
እሱ ተከላካዩን ሲያልፈው እንደ ድንበር
ከጃኩ ሥር ተኝቼ እኔም ያለፍኩ ይመስለኝ ነበር።
አሁን ማን ያሳልፈኝ?

ባለፈው ዓርብ ግን፣ ለማንም ሳልናገር፣
አውቶቡስ ይዤ ዴራ፤ ቆምኩ ከሜዳው ዳር።
ሳሩ ላስቲክ ነው፤ ግን አረንጓዴ።
መብራቱ እንደ ቀን፤ ጥላ አይጥልም አንዴ።
ሙዘሚል ገባ፤ አዲስ ማሊያ፣ ዘጠኝ ቁጥሩ።
ስሙን እንኳ በቅጡ አይጠሩ፤
«ሙዛሚ! ሙዛሚ!» ይላሉ፣ እንደ ሱቅ ስም።
በግራው አጠፈ። ሁለቱን አለፈ። አገባም።
እጄ ሳላዘው ወደ ላይ ወጣ።
መልሼ ኪሴ ከተትኩት፣ ሰው እንዳያየኝ በጣጣ።

ከማዶ፣ ከሽቦው ሥር፣ አንዲት ሴት፣ ብቻዋን፣
ትዘላለች፣ በእጇ ይዛ ጫማዋን።
ሉባባ።
ዓይን ለዓይን ተያየን። ማናችንም አልሳቅንም።

ሁለት ሰዓት ሳይሞላ፣ በሩ ሳይቆለፍባት፣
በሻርጃው አውቶቡስ ተሳፈርን፤ እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላዋ፣ በመስኮት።
«ለሽኩር እንዳትነግረው» አለች፣ ሳትዞር።
«ምኑን?» አልኳት።
መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር።